ለ«ሳይመጡ ይታከሙ» ክፍል፤ ባላችሁበት

ሐምሌ 20 ቀን 2012 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

እጅ መጨባበጥ በተከለከለበት በዚህ ዘመን የወረቀት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የሆስፒታላችሁን ስም በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አልጠራም። እናንተም የእኔን ስም አንድ ቀን እንኳ ስላልጠራችሁት በዚህ በኩል ሒሳባችን የተዘጋ ነው።

ታስታውሱ እንደሆነ፣ መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነግሮ፣ መጋቢት 30 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ በኋላ አጥራችሁ ላይ አንድ ሰማያዊ ባነር ወጣ። «ውድ ታካሚዎቻችን፣ ሳይመጡ ይታከሙ! ሐኪምዎ ስልክዎ ውስጥ ነው» ይላል። ከሥሩ የሞባይል ቁጥር አለው። ከታክሲ መስኮት ሳነበው፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። በሃምሳ ስምንት ዓመት ዕድሜዬ ሳልመጣ የታከምኩበት ጊዜ የለም፤ መጥቼ ያልታከምኩበት ግን ሞልቷል።

በሽታዬ ኪንታሮት ነው። ድሮ ቢሆን ይህን በአደባባይ አልጽፈውም ነበር። እናንተ ዘንድ ደርሼ ከተመለስኩ ወዲህ ግን የምደብቀው ነገር ስላልቀረኝ ልጻፈው። አማርኛችን ለዚህ በሽታ ስም ሲያወጣ ስስት ይዞታል፤ ፊት ላይ የሚወጣውንም፣ ጣት ላይ የሚወጣውንም፣ ሰው በማያየው በኩል የሚወጣውንም በአንድ ስም ጠርቶ አልፏል። ፊት ለፊት ሲያወሩ ይህ ችግር አይሆንም። ተናጋሪው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ሰሚው ዓይኑን ሰበር ያደርጋል፣ የትኛው እንደሆነ ይታወቃል። በስልክ ድምፅህን ዝቅ ስታደርግ ግን «አይሰማም! ጮክ በል!» ነው መልሱ።

በስልክ ለመታከም መጀመሪያ ካርድ ማሳደስ ያስፈልግ ነበር። ካርድ የሚታደሰው ደግሞ በአካል ነው። ስለዚህ ሳልመጣ ለመታከም መጣሁ። ካርድ ክፍሉ በር ላይ እንደኔው ሳይመጡ ሊታከሙ የመጡ ስልሳ ያህል ሰዎች አገኘሁ። መሬቱ ላይ ሁለት ሁለት ሜትር እየተራራቁ በቢጫ ቀለም ክቦች ተስለዋል፤ በእያንዳንዱ ክብ ውስጥ አራት አራት ሰው ቆሟል። ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ የካርድ ክፍሏ ልጅ በመስታወቱ ቀዳዳ «ችግርዎ ምንድን ነው?» አለችኝ። ጭንብሌን ወደ ቀዳዳው አስጠግቼ ነገርኳት። አልሰማችኝም፤ ደገምኩላት። ስደግመው የሁለት ሜትሩ ርቀት በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላዬ ተከበረ።

ቀጠሮዬ ማክሰኞ ሰኔ 9 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበር። በሰዓቱ ደወልኩ። ቴሌ በዚያ ሰሞን በጥሪው ድምፅ ፋንታ ያስገባውን «እጃችሁን ታጠቡ» የሚል ምክር አሥራ አንድ ጊዜ ሰማሁት፤ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ታጥቤያለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ስልኩ ተዘጋና ከቁጥራችሁ «እባክዎ ይደውሉልኝ» የሚል መልእክት ገባልኝ። ሚስኮል ከዘመድ፣ ሚስኮል ከባለዕዳ ደርሶኝ ያውቃል፤ ከሆስፒታል ሲደርሰኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ወርጄ የሃምሳ ብር ካርድ ገዝቼ ሞላሁና ደወልኩ።

እዚህ ላይ ስልኩን ወዳነሡት ወጣት ሐኪም ዞሬ ልጻፍ፤ ምስጋናዬ በተለይ ለእርስዎ ነው።

«ኪንታሮቱ አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል።

«የት ላይ ነው? ፊት ላይ?»

«አይደለም ዶክተር።»

«እጅ ላይ?»

«ወደ ታች ነው።»

«እግር ላይ?»

«ዶክተር፣ እ… የምቀመጥበት ላይ።»

«አይሰማም፤ ቆይ ላውድ ላድርገው» አሉና አደረጉት። ላውድ ላይ የዋለ ሰው ክፍሉን ባያየውም ስፋቱን ይሰማዋል። የሻይ ማንኪያ ድምፅ ነበር። ወንበር ሲጎተት ነበር። ሁለት ሴቶች ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወሩ ነበር። «የመቀመጫ ኪንታሮት ነው፤ ይደማል» ብዬ ስጮኽ የሽንኩርቱ ወሬ ቆመ።

ከዚያ «በቴሌግራም ፎቶ ላክ» አሉኝ። ባለቤቴን በሃያ ስምንት ዓመት ትዳራችን ጠይቄያት የማላውቀውን ነገር የዚያን ዕለት ጠየቅኳት። መነጽሯን አድርጋ፣ የልጃችንን ስልክ ተውሳ፣ መጋረጃውን ለብርሃን ከፍታ፣ ጎረቤት እንዳያይ መልሳ ዘግታ፣ በስተመጨረሻ በአምፖል አነሣችው። ላክሁት። ሁለቱ የቴሌግራም ምልክቶች ወዲያው ታዩ፤ ማለትም አንድ ሰው አየው። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ስልኩ የክፍሉ የጋራ ስልክ ነውና። ከአርባ ደቂቃ በኋላ መልስ መጣ፦ «ስምና የካርድ ቁጥር ያልተጻፈበት ፎቶ አይስተናገድም።» ምኑ ላይ እንደሚጻፍ አልተገለጸም።

ሐሙስ ደሙ በረታብኝ። በዝናብ ሆስፒታሉ በር ላይ ደረስኩ። ጥበቃው ያንን ሽጉጥ የሚመስል የሙቀት መለኪያ ግንባሬ ላይ ደቅኖ «36 ነጥብ 4» ካለ በኋላ ዝርዝሩን አየና «ጋሼ፣ እርስዎኮ የስልክ ነዎት፤ አይገቡም» አለኝ። የስልክ መሆኔን ያኔ ተረዳሁ። በሩ ላይ ቆሜ ደወልኩልዎ። «የት ነህ?» አሉኝ። «በር ላይ» አልኩ። አንደኛ ፎቅ ላይ መስኮት ተከፈተና እርስዎ ብቅ አሉ፤ ነጭ ጋዋን፣ ጭንብልዎ አገጭዎ ላይ፣ አንገትዎ ላይ ማዳመጫ። እጅዎን አወዛወዙልኝ። እኔም አወዛወዝኩ።

ከበሩ እስከ መስኮትዎ አርባ እርምጃ ቢሆን ነው። ድምፅዎ ሁለት ጊዜ ይደርሰኝ ነበር፤ አንዴ በአየር፣ አንዴ በቴሌ። የአየሩ ይቀድም ነበር። እኔ ያልሰማሁትን ደግሞ ሊስትሮዎቹ፣ ባለ ጀበናዋና ታክሲ የሚጠብቁት ሰዎች ሰሙት። «አሁንም ይደማል?» «በርበሬ ተው!» «ቃሪያ ተው!» «ለብ ባለ ውሃ ተዘፍዘፍ!» አንድ ሊስትሮ «ስንት ደቂቃ?» ብሎ ጠየቀልኝ፤ አልመለሱለትም። መስኮቱ ተዘጋ። የቀረ ሒሳቤ ሁለት ብር ከሃያ ሳንቲም ነበር።

ጥበቃው አየኝ። ጠጋ አለና በሹክሹክታ «ጋሼ፣ ሌሊት ያምዎታል?» አለኝ። በዚያ ግቢ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የጠየቀኝ ባለሙያ እሱ ብቻ ነው።

ስለ ማዳመጫዎ ትንሽ ልበል። ለስልክ ሕክምና ለምን እንዳንጠለጠሉት ሳስብ ሰነበትኩ፤ ግን ደግ አድርገዋል። በ1816 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ላኔክ የተባለ ሐኪም የልብ ሕመም ያለባት ወጣት ሴት ደረት ላይ ጆሮውን መለጠፍ አሳፈረው። ወረቀት ጠቅልሎ ቱቦ አደረገና በዚያ አዳመጣት፤ የእርስዎ ማዳመጫ አያት ያ የተጠቀለለ ወረቀት ነው። አንገትዎ ላይ ያለው ዕቃ እንግዲህ ከጅምሩ በሐኪምና በሕመምተኛ መካከል ርቀት ለማኖር የተሠራ ነው። ያውም ለሐፍረት ሲባል።

«ይሄ የስልክ ነገር ቀልድ ነው፤ ከላይ ታዘን ነው፤ ሰው ሳይዳሰስ አይታከምም» ማለትዎን ላውዱ አሰምቶኛል። ምኒልክ ስልክ ያስገቡ ጊዜ ካህናቱ «ሰው የሌለበት ድምፅ የሰይጣን ነው» ብለው አውግዘዋል ይባላል። ያ ጥርጣሬ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነጭ ጋዋን ለብሶ ሳገኘው ቅርሳችንን የሚጠብቅልን አለ ብዬ ኮራሁ። ጥቁር አንበሳ በሚሌኒየማችን ዋዜማ ሃይደራባድ ካለ ሆስፒታል ጋር መስመር ዘርግቶ በስክሪን ይማከር እንደነበር ለሰማ ግን የእኛ ነገር ትንሽ ግር ይላል። ሚሌኒየም አዳራሽ ራሱ ዘንድሮ ለኮቪድ ሕሙማን አልጋ ተዘርግቶበታል፤ አንዳንድ ነገር ቶሎ ይሠራል፣ አንዳንዱ አይሠራም፤ እሱን ልለፈው።

ደግሞም እረዳዎታለሁ። ለስልኩ የሚሞላ ካርድ አልተሰጠዎትም። የእኔ ፋይል ምድር ቤት ነው፣ እርስዎ ፎቅ ላይ ነዎት። በስልክ ብሳሳት ማን ይጠየቃል ብለው ፈርተዋል፤ ያልተዳሰሰ ሆድ ብዙ ነገር ይደብቃል፣ ልክ ነዎት። ጓደኞችዎ በቂ ጓንትና ጭንብል ሳይኖራቸው ነው ወደ ሕሙማን የሚገቡት። እርስዎን ደግሞ ስልክ ላይ ሲመድቡዎት ሹመት ይሁን ቅጣት የነገረዎት የለም። ይህ ሁሉ ገብቶኛል።

ነገር ግን ደሙ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ለመጠየቅ ጓንት አያስፈልግም። ፋይል አያስፈልግም፤ መመሪያም አያስፈልግም። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነው ሰው ከኋላ ደም አየሁ ሲል ኪንታሮት ነው ብሎ ማሰናበት አይገባም፤ የአንጀት ካንሰርም እንዲሁ ነው የሚጀምረው። ይህን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ፤ ተምረኸዋል! አንድ ጥያቄ፣ አንዲት ጥያቄ አልጠየቅከኝም። በእኔ ካርድ፣ በእኔ ዝናብ፣ በመስኮት ቆመህ በርበሬ ተው አልከኝ። አባትህ ቢሆን በሊስትሮ ፊት እንዲህ ትጮኽበት ነበር? ስም አለኝ እኮ! ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ምናልባት አንተንም…

ይቅርታ። ከመስመር ወጣሁ። ወደ «እርስዎ» ልመለስ።

ሰኔ 23 በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ሲዘጋ ለሦስት ሳምንት ያህል እንቅልፌን ተኝቻለሁ፤ ያቺ ፎቶ ቢያንስ በቴሌግራም የትም እንደማትሄድ ስላወቅሁ። በዚያው ሰሞን የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመደበኛው ስልክ ደወለችልኝ። እዚያ ነርስ ናት። እነሱም መጋቢት ላይ ሕሙማንን በስልክና በቪዲዮ ማየት ሲጀምሩ ሐኪሞቹ አጉረምርመው ነበር አለችኝ፤ ሜዲኬር የተባለው የመንግሥታቸው የጤና መድን የቪዲዮውን ምርመራ እንደ በአካሉ መክፈል ሲጀምር ማጉረምረሙ ጋብ አለ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ። ደሙ ደማቅ ቀይ ነው ወይስ ጠቆር ይላል? ከሰገራው ጋር የተቀላቀለ ነው ወይስ ከላይ ነው? ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥርሃል? ቀበቶህ ላይ አዲስ ቀዳዳ በስተሃል? አያቴ በምን ነበር የሞተው? («አንተ» ስትለኝ ያምርባታል፤ አዝዬ ያሳደግኳት ናት።) ጥቁር ነው አልኳት። ተቀላቅሏል። ያጥረኛል። ሁለት ቀዳዳ በስቻለሁ። አባቴ ደግሞ «በሆድ ቁርጠት» ነው የሞተው፤ ሌላ ስም የሰጠልን አልነበረም።

ጥሪው የፈጀው ዘጠኝ ደቂቃ ነው። በማግስቱ በእሷ ትእዛዝ ሰፈር ያለ ላቦራቶሪ ሄጄ ደም ሰጠሁ። ሄሞግሎቢኔ 8 ነጥብ 7 ሆኖ ተገኘ። የአንጀት ምርመራ ቀጠሮዬ ነሐሴ 6 ነው፤ ሌላ ቦታ፣ በአካል።

ትናንት ማታ ከቁጥራችሁ እንደገና «እባክዎ ይደውሉልኝ» የሚል መልእክት ደርሶኛል። ካርድ የለኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
ኪንታሮቱ