የሽንኩርት ካሣ

ለመዝናናት የወጣ ሰው ለምን ሽንኩርት ጭኖ እንደሚመለስ የሚያስረዳኝ ባገኝ ደስ ይለኛል። ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ አዳማ አድሮ፣ ሶደሬ ፍል ውሃ ገብቶ፣ ወይም በባቱ በኩል ላንጋኖ ወርዶ እሑድ ከሰዓት የሚመለስ የወዳጆች መኪና እንዴት እንደሚጓዝ ሁላችንም እናውቃለን። ሽርሽሩ የሚያበቃው ቤት ሲደረስ አይደለም። የሚያበቃው መቂ አካባቢ አንዱ ከኋላ ወንበር «እስቲ እዚህ ጋ ያዝ አድርገው» ያለ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ አምስት ጎልማሶች አንድ ማዳበሪያ ከበው ይቆማሉ። አንዱ ጨበጥ እያደረገ ጥንካሬውን ይፈትሻል፣ አንዱ ልጣጩን ያንኮሻኩሻል፣ አንዱ ቤት ደውሎ «ስንት ኪሎ ይሁን?» ይላል። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወንበሩን ወደ ኋላ ያስተኛል፤ ልማዱን ያውቃላ። ሽንኩርቱ ሲያልቅ ቲማቲም አለ፣ ቲማቲሙ ሲያልቅ ሐብሐብ፣ ሐብሐቡ ሲያልቅ ዓሣ። የዓሣው ነገር ደግሞ መስኮት ከፍቶ መሄድን ይጠይቃል።

«ይረክሳላ!» ይሉኛል። ይረክሳል፣ አልክድም። ነገር ግን ትናንት ማታ የጥብሱንና የቢራውን ሒሳብ ሳያነብ የከፈለ ሰው፣ ዛሬ በኪሎ ጥቂት ብር ለማትረፍ ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ ሲከራከር ቁጠባ አይደለም የያዘው። ነዳጁ አለ፣ የፈጣን መንገዱ ክፍያ አለ፣ ከማዳበሪያው ሥር ገብቶ ቃሊቲ ሳይደርስ የሚፈርጠው ቲማቲም አለ። ስለዚህ የእኔ ግምት ሌላ ነው፦ ሽንኩርቱ ካሣ ነው። ቤተሰቡን ትቶ ከጓደኞቹ ጋር ሁለት ቀን የተንሸራሸረ ሰው እጁን አወናጭፎ ደጅ መቆም ይከብደዋል። ማስረጃ ከተፈለገ የሚገዛውን ነገር ማየት ነው። ለራሱ አንድም ነገር አይገዛም፤ ሁሉም በቀጥታ ወደ ወጥ ቤት የሚገባ ነው። ደግሞ ሲሄድ አይገዛም፤ ሲመለስ፣ በተለይም ስልኩ ሁለቴ ከጮኸ በኋላ ነው። መጠኑም በጥፋቱ ልክ ነው፤ ውሎ ገባ አምስት ኪሎ፣ አንድ ሌሊት ያደረ አንድ ማዳበሪያ። ላጤውስ? ላጤው እናት አለችው።

ለዚህ የሚቀርበው ጠንካራ ተቃውሞ የመስክ ሠራተኛው ነው። በመንግሥት መኪና፣ አበል ቆርጦ፣ ለሥራ የወጣ ሰውም ይገዛል፤ እሱ ምን በደለ? እንግዲህ አበሉ ምን ላይ እንደዋለ ሳይጠየቅ በፊት ሽንኩርቱ ቢቀድም ምን ይከፋል? ሌላው «ከመንገድ ባዶ እጅ መምጣት ነውር ነው፣ የአባቶች ወግ ነው» የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው፤ ግን የአባቶች ወግ ሌላ ነበር። ኩሉቢ ገብርኤልን ተሳልሞ ድሬዳዋ ጎራ ያለ ሰው ከቀፊራና ከታይዋን ገበያዎች የሚያመጣው ቤቱ ደጅ የማያገኘውን ነው፤ ያውም አዋሽ የጉምሩክ ኬላ ላይ ልቡ እየመታ። ሽንኩርት ግን የትኛው ሰፈር ነው የሚጠፋው? ጉሊት ለመድረስ ኬላ የለም።

የሚገርመው ደግሞ ይህን ያህል የምንከራከርበትን ሽንኩርት አለማወቃችን ነው። ወደ ሶደሬ የሚሄደው መኪና ከአዳማ ወጥቶ፣ ወደ ደራና አሰላ በሚወስደው መንገድ አዋሽ መልካሳ ላይ ያልፋል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ «አዳማ ሬድ» የሚባለው ሽንኩርት የዚህ ማዕከል ነው። ከተማ በስሙ አየር መንገድ ወይም መርከብ ይሰየምለታል፤ አዳማ ግን ሽንኩርት ተሰየመላት፣ እኔ ብሆን አይከፋኝም። «መልካ ሾላ» እና «መልካ ሳልሳ» የተባሉ ቲማቲሞችም ከዚያው ናቸው፤ የኋለኛው በአውራ ጎዳና ላይ ስለሚደርስበት ዕጣ አስቀድሞ የተነገረው ይመስላል። ተመራማሪ ዓመታት ቆጥሮ ዘር ያወጣል፤ እኛ በደጁ አልፈን ፍል ውሃ እንነከራለን፣ ስንመለስ ሻጯን «ይሄ የሐበሻ ነው?» ብለን እናፋጥጣለን። እሷም ገበያዋን ስለምታውቅ «ንጹሕ የሐበሻ!» ትላለች።

እስከዚህ ድረስ ቀልድ ነው። የማያስቀው የውሃው ነገር ነው። የመቂና የቀታር ወንዞች ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዝዋይ የተረፈው በቡልቡላ ወርዶ አብያታ ይደርሳል። አብያታ መውጫ የለውም፤ ከላይ ካልመጣለት ይደርቃል። ከላይ ደግሞ በየማሳው ፓምፕ ተተክሏል፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ይጠጣል፤ የሶዳ አሹም ፋብሪካ ከራሱ ከአብያታ ሲቀዳ ኖሯል። ሐይቁ ሸሽቶ ነጭ መሬት ቀርቷል። የአብያታ ሻላ ፓርክ 887 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው ሲባል ከግማሽ በላዩ ውሃ ተብሎ የተቆጠረ ነበር። እንግዲህ ሐይቅ ልናይ ሄደን፣ ሐይቁን በማዳበሪያ ጭነን ነው የምንመለሰው! በዚህም አይበቃንም፤ ፖርቶ መጋላው ላይ ከሰል እንጨምራለን። ያ ከሰል ትናንት የግራር ዛፍ ነበር፤ ጠዋት «እንዴት ያምራል!» ብለን ሥሩ ፎቶ የተነሳንበት ዓይነት ግራር። በመንገድ ዳር የሚያከስለውን ደሃ ለመርገም አፋችን ፈጣን ነው፤ ገዢ ከሌለ ግን ማን ያከስላል? በጎኑ የሰባ ሺህ ብር ስልክ ይዞ፣ «ለቡና ነው» እያለ ሁለት ማዳበሪያ ከሰል የሚያስጭን ሰው የተፈጥሮ ፍቅሩን ለሌላ ይንገር።

ይሁን፣ ገበሬው መኖር አለበት። ሽንኩርቱን ባንገዛው ውሃው ተመልሶ አብያታ አይገባም፤ በሌላ መኪና አዲስ አበባ ይገባል እንጂ። ጉሊት የምንገዛውም ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ ያኛው በጭነት መኪና፣ ይኸኛው በጉልበታችን ላይ መምጣቱ ነው። ደግሞ የመቂ ሽንኩርት ሲቁላላ ያለውን ሽታ የካደ ሰው ምስክርነቱ አይታመንም። ምናልባት ነገሩን የሚፈታው መንገዱ ራሱ ይሆናል። ከአዲስ አበባ አዳማ ያለው ፈጣን መንገድ በ2007 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ እዚያ ላይ «ያዝ አድርገው» ማለት አይቻልም፤ ዳርና ዳሩ ታጥሯል። ከሞጆ ወደ ባቱ የሚወስደውም እንዲሁ ነው። ግን ሐበሻ ለሽንኩርት ሲል አሮጌውን መንገድ እንደሚመርጥ በዓይኔ ባላይም እጠረጥራለሁ።

አንዳንዱ የወዳጆች ማኅበር ደግሞ በየዓመቱ ካይሮ እንሄዳለን ብሎ ያቅዳል፣ ገንዘብ ያዋጣል፣ መጨረሻው ላንጋኖ ይሆናል። አንድ ቀን ቢሳካላቸው ግን እፈራለሁ። የጥንቱ ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደጻፈው ታላቁ ፒራሚድ ላይ ለሠራተኞቹ ፍጅል፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የወጣው ወጪ ተቀርጾ ነበር፤ አስተርጓሚው 1,600 መክሊት ብር ነው ብሎ እንዳነበበለትም ይናገራል። አስጎብኚው ይህን ሲተርክ ከወዳጆቻችን አንዱ እጁን አውጥቶ «ኪሎውን ስንት ሒሳብ ማለት ነው?» ይላል፤ ሌላው ቤት ይደውላል።