ስለ መንዝ አፈር የወንዝ ጉዞና የከተማ ጉብኝት

በዳኑብና በራይን፣ እንዲሁም ከሉክሶር እስከ አስዋን ባለው የዓባይ ወንዝ ላይ ባለጸጎች በመርከብ እያደሩ ይጓዛሉ፤ በጧትም ከአንድ ጥንታዊ ከተማ ወርደው፣ ባንዲራ የያዘ አስጎብኚ ተከትለው ቤተ መንግሥቱንና ቤተ መቅደሱን ከዞሩ በኋላ፣ ራት ሳይቀዘቅዝ ይመለሳሉ። ይህ ሥርዓት በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ፈጽሞ የለም የሚሉ አሉ፤ ምክንያታቸውም መንዝን በሦስት ወገን የከበቡት ሞፈር፣ አዳባይ፣ ወንጪትና ቀጭኔ በገደል ሥር የሚወርዱ፣ በክረምት እንኳንስ ባለታንኳ ዋናተኛም የማይደፍራቸው ወንዞች መሆናቸው ነው። ይህች ጽሑፍ የዚህን አባባል ስሕተት በትሕትና ለመግለጥ የተዘጋጀች ናት፤ ጉዞው የቀረው ለሰው እንጂ ለአፈሩ አይደለምና።

የመንዝ አፈር በሐምሌ ይነሣል። ስንቅ አይቋጥርም፣ የይለፍ ወረቀትም አይጠየቅም። ከማማም ይነሣ ከላሎ ወይም ከጌራ፣ ማዕርጉ ሳይለይ በወንዞቹ ተሳፍሮ ጀማ ይደርሳል፤ ጀማም ለዓባይ ያስረክበዋል። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ያሉ አበው ስለ ተሳፋሪው ዝም ያሉት፣ ግንዱ የመንገደኛው ጓዝ መሆኑ ግልጽ ነው ብለው ይሆናል። አፈሩ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋራ ተዋውቆ፣ ቀድሞ ጊዜ እስከ ሉክሶር ይዘልቅ ነበር። በዚያም ባለመርከቡ ባለጸጋ በአንድ ቀን አይቶ በሚጨርሰው ከተማ ማሳ ላይ እርሱ ሳምንታት ይሰነብት ነበር፤ ውሃው ሲጎድልም እንደ ሌሎቹ ጎብኚዎች ወደ አገሩ አይመለስም ነበር፤ እዚያው ስንዴ ያበቅል ነበር።

ይህም ያለ ዋጋ የተደረገ አይደለም። የግብፅ መንበረ ማርቆስ ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ ስትልክልን እኛ አፈር ስንልክ ኖረናል። በ1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ካይሮ ላይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆነው ሲሾሙ ጳጳስ ከዚያ የማስመጣቱ ነገር አከተመ፤ በ1962 ዓ.ም. የአስዋን ታላቁ ግድብ ሲጠናቀቅ ደግሞ የአፈሩ መድረስ አከተመ። በመካከሉ ያሉት 11 ዓመታት ለአጸፋው ምክክር የወሰዱት ጊዜ ይመስለኛል።

ከሁሉ ይልቅ ምርመራ የሚገባው ግን ባለርስቱ ነው። የመንዝ ሰው ለርስቱ ያለው ፍቅር የታወቀ ነው፤ ስለ አንድ ስንዝር ድንበር ከእናቱ ልጅ ጋራ ተካሶ፣ የዘር ሐረጉን እስከ ሰባተኛ አያቱ ቆጥሮ፣ በንጉሥ አምላክ ተማምሎና ዋስ ጠርቶ፣ በሬውን ሸጦ ይግባኙን እስከ ዙፋን ችሎት ያደርስ ነበር። ነገር ግን በቀጠሮና በቀጠሮ መካከል ክረምት መግባቱን ሕግ ዐዋቂዎቹ አላሰቡትም። ክርክር የተነሣበት ስንዝር ፍርዱን ሳይጠብቅ፣ መጥሪያም ሳይደርሰው ሱዳን ይገባ ነበር፤ ረቺው እልል ተብሎለት የሚረከበው ከሥሩ የቀረውን ድንጋይ ነበር፤ ተረቺውም ምን እንደ ተነጠቀ ሳያውቀው ዕድሜ ልኩን ያዝን ነበር። ወንድማማቾቹ ከዚያ በኋላ በአንድ ማኅበር ጠላ አይጠጡም ነበር።

ዛሬ በየበጋው ሕዝቡ ወጥቶ እርከን ይሠራል፤ ይህም ተሳፋሪውን ከመነሻው ለማስቀረት ነው፤ እርከኑ በጸናበት ይቀራል፣ በተናደበት ይሳፈራል። ያመለጠውም ቢሆን እንደ ድሮው ሩቅ አገር አያይም፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ጉባ ላይ ይቀበለዋልና። ከዚህም አዲስ የሕግ ጥያቄ ተወልዷል፦ የመንዝ ሰው ርስት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውሃ ሥር ተኝቶ ሲገኝ፣ ክሱ በየትኛው ክልል ፍርድ ቤት ይታያል? ጉዳዩ የፌዴራል ነው ቢባልስ፣ ዳኛው ወርዶ ድንበሩን እንዲመለከት ዋና ማወቅ ይኖርበታል፤ ከውሃው በታች የሚተከለውን የድንበር ድንጋይ ዋጋ ከሳሽ ይክፈል ወይስ ተከሳሽ የሚለው ነጥብ በይደር ይቆይ።