ሬሳውና ሥራ አጡ

ዮርግ ቡትገራይት እ.ኤ.አ. በ1987 በምዕራብ በርሊን በሱፐር 8 ካሜራ የቀረጻት «ኔክሮማንቲክ» የምትባል ፊልም አለች። ሮብ የሚባል ሰው ከአደጋ ቦታ ሬሳ እያነሣ የሚያጸዳ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። አንድ ቀን አንዱን ሬሳ ይዞ ቤቱ ይገባል። አብራው የምትኖረው ቤቲ ቅር አይላትም፤ እንዲያውም ፊቷ ይፈካል። እንግዳው አልጋ ላይ ቦታ ይሰጠዋል፤ ሦስቱም በፍቅር ይከርማሉ። ኋላ ሮብ ከሥራ ይባረራል። ይሄኔ ቤቲ ጓዟን ጠቅልላ ትሄዳለች፤ ሬሳውን ግን አልተወችለትም።

ሰው ይህን ፊልም ያየው ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ ነው ይባላል። እኔ ዓይኔን የሸፈንኩት የሥራ ስንብቱ ጊዜ ነው። ሬሳው ደመወዝ የለውም፣ አያወራም፣ ይሸታል። ቢሆንም ማንም አላባረረውም።

እንዲህ በትንሽ ገንዘብ የሚሠሩ የጀርመን ዘግናኝ ፊልሞች ድባብ የሚመጣው ከኪስ ነው። ስቱዲዮ ስለሌለ የጓደኛ ቤት ይለመናል፤ መብራት ስለሌለ ክፍሉ ይጨልማል፤ ፊልሙ ርካሽ ስለሆነ ምስሉ አመድ የተነፋበት ይመስላል። በዚያ ላይ የፒያኖ ሙዚቃ፣ ያውም ለሠርግ የሚሆን ለስላሳ ዜማ፣ ይለቀቅበታል። ምሁሩ ይህን «ውበት» ይለዋል። ነገሩ ግን የአያት ሙያ ነው፤ በ1920 በወጣው «የዶክተር ካሊጋሪ ክፍል» ውስጥም ጥላውን የሠራው መብራት ብቻ አልነበረም፤ ግድግዳው ላይ በቀለም ተስሏል።

በፊልሞቹ ውስጥ ያለው ሥርዓትስ? ጥቁር ካባና የደም ጽዋ የጠበቀ ያፍራል። በ1991 በወጣችው ሁለተኛዋ «ኔክሮማንቲክ» ሞኒካ የምትባል ነርስ በመጀመሪያዋ ፊልም መጨረሻ የሚሞተውን የሮብን ሬሳ ከመቃብር አውጥታ ቤቷ ትወስደዋለች። ሶፋ ላይ አስቀምጣ አብራው ፎቶ ትነሣለች። ያው ማንኛዋም እጮኛ የምታደርገውን። በመሃል ማርክ የሚባል ሕያው ወንድ ይመጣል፤ እንጀራው ለወሲብ ፊልሞች ድምፅ ማስገባት ነው። ሲኒማ ቤት ይወስዳታል፤ እዚያ የሚታየው ፊልም ራቁታቸውን ቁጭ ብለው እንቁላል እየበሉ ስለ ወፍ የሚያወሩ ሰዎች የሚታዩበት ነው። ምስኪን ሞኒካ! ከሁለቱ ወንዶች የቱ የበለጠ እንደሞተ ለመለየት ብትቸገር አልፈርድባትም።

ሌሎቹ የጀርመን ፊልም ሠሪዎችም የራሳቸው ጠባይ አላቸው። የሃምቡርጉ አንድሪያስ ሽናስ በቪዲዮ ካሜራ ቀርጾ በ1989 ያወጣው የሥጋ ቆራጭ ታሪክ አለ፤ ርዕሱን ለጨዋ አንባቢ አልተረጉመውም። በሙያው የጥርስ ቴክኒሻን የነበረው ኦላፍ ኢተንባህ ደግሞ «ዘ በርኒንግ ሙን» በተባለው ፊልሙ ሲኦልን ሲያሳየን የጥርስ መሰርሰሪያ አልረሳም። ሰው የሚያውቀውን ይሠራል።

ከፊልሞቹ ሁሉ በሥርዓት የበለጠው ግን የጀርመን መንግሥት ነው። የሙኒክ ፖሊስ ሁለተኛዋን «ኔክሮማንቲክ» ወረሰ፤ የማታውቃት ከተማም ስሟን አጠናች። ወጣቱን ከክፉ የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ደግሞ ለልጅ የማይሸጡ፣ ማስታወቂያ የማይነገርላቸው፣ ከባንኮኒ ሥር የሚቀመጡ ፊልሞችን ስም አንድ በአንድ መዝግቦ ያሳትም ነበር። አፍቃሪው የገበያ ዝርዝር ከዚህ የተሻለ ከየት ያመጣል? ያንን ይዞ ድንበር ተሻግሮ ኦስትሪያ ወይም ሆላንድ ይሄድ፣ ያልተቆረጠውን ካሴት ይገዛ፣ መኪናው ውስጥ ደብቆ ይመለስ ነበር። እነ ሮብ ሬሳ ሲያሸሹ እንኳ እንደዚህ አልተጨነቁም።

ዛሬ ደግሞ ያ የሚሸት ፊልም ታጥቦ፣ ተጠርጎ፣ ቁጥር በተጻፈበት ውድ ሣጥን ይሸጣል። ሰብሳቢው ገዝቶ አይከፍተውም፤ ላስቲኩ ከተቀደደ ዋጋው ይወርዳል። መደርደሪያ ላይ አቁሞ በሳምንት አንዴ በለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ይጠርግለታል፤ እንግዳ ሲመጣ ፊት ለፊቱ አስቀምጦ «እንዳትነካው» ይላል።