የጳጉሜን ግምገማ

ፈረንጅ አሮጌውን ዓመት የሚሸኘው በአንድ ሌሊት ነው፤ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ይበላል፣ ሲነጋ ይጸጸታል። ለእኛ ግን ራሳችንን እንድንመረምር ጳጉሜን 5 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ 6 ተሰጥቶናል። የዶሮ ዋጋ ስናጠያይቅ ያልቃል።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ወዳጄ ግን ዘንድሮ ገምግሟል፤ ያውም በለመደው ቋንቋ። ክብደት መቀነስን በተመለከተ ሰፊ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥራ ተሠርቷል። የጂም ምዝገባው መቶ በመቶ ተሳክቷል፤ በመገኘት ረገድ ውስን ክፍተቶች ታይተዋል፤ መንስኤውም ከአቅም በላይ የሆነ ክረምት ነው። ወገቡ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር ዕድገት አስመዝግቧል፤ ቀበቶው ላይም አንድ ተጨማሪ ቀዳዳ ተመርቆ ለአገልግሎት በቅቷል።

የመጪው ዓመት ዕቅዱ ጤናማ ነው፣ አይካድም፦ ቡና ያለ ስኳር፣ በእግር መሄድ፣ በጊዜ መተኛት። ችግሩ የመነሻ ቀኑ ነው። መስከረም 1 ዶሮ ወጥ ትቶ ጎመን መብላት ነውር ነው። 17 መስቀል ነው፤ የጉራጌ ጎረቤቱን ክትፎ እምቢ ማለት ደግሞ ጉርብትና ማፍረስ። ኅዳር ላይ ለታላቁ ሩጫ ቲሸርት ይገዛል (10 ኪሎ ሜትሩን ቲሸርቱ ይሩጠው)። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ሥጋው በራሱ ጊዜ ይቆማል፤ ይህ በሪፖርቱ ላይ «ቁልፍ ስኬት» ተብሎ ይገባል። ታኅሣሥ 29 ገና ነው፣ እንለፈው።

ካልሆነም ሐምሌ 1 አዲስ የበጀት ዓመት አለ። የተከለሰው ዕቅድ ከወዲሁ ተተይቦ ማኅተም እየጠበቀ ነው።