የ«ይገጥማል» ውዳሴ

የጃፓን መሐንዲሶች ያሳዝኑኛል። አንዱን ሞተር ከሌላው ለመለየት ሲሉ ስንት ዘመን ደከሙ! ለኮሮላ ብቻ 4ኬ አሉ፣ 2ኢ አሉ፣ 4ኤ አሉ፣ 5ኤ አሉ፤ ሁሉንም በሚሊሜትር ለክተው መጽሐፍ ጻፉለት። ያ ሁሉ ልፋት የአዲስ አበባው የመኪና መለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ ሲደርስ በአንዲት ቃል ያከትማል፦ «ይገጥማል!»

የቃሏን ኃይል ማየት የፈለገ አሶሳ ይምጣ። የአሮጌ ኮሮላ ባለቤት የፒስተን ፋሻ ሲያልቅበት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ላለ ዘመዱ ይደውላል።

«የምን ኮሮላ?»

«ነጩ ነዋ! የኔው!»

ዘመድ አደራ አይበላም፤ ለባለሱቁ ቀለሙን ጭምር ይነግራል። ፋሻ ያለ ቀለም እንዴት ይመረጣል? ባለሱቁም መጠየቅ ነውር የሚመስለው ጨዋ ስለሆነ «ይገጥማል» ብሎ ይሸጣል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ማስታወቂያ ግን ግድግዳው ላይ አለ።

ዕቃው አውቶቡስ ተሳፍሮ ነቀምትን፣ ጊምቢን፣ መንዲን፣ ባምባሲን አቋርጦ ይገባል። መኪናው 2ኢ ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት 73 ሚሊሜትር። የመጣው የ4ኢ ፋሻ ነው፤ 74። ፒስተኑ የሚመላለስበት ርቀት በሁለቱም 77.4 ስለሆነ ዝምድናቸው አይካድም፤ ደግሞስ በአንድ ሚሊሜትር ማን ይጣላል? ሞረድ ለምን ተሠራ? ጂኦሜትሪ የሚባለው ምቀኛ ትምህርት የስፋቱ አንድ ሚሊሜትር በዙሪያው ሲሰላ ከ3 ይበልጣል ይላል፤ መካኒካችን ግን የፋሻውን ጫፍና ጫፍ ሞርዶ ያስገባዋል። ክብነቱ ቢጠፋም ገብቷል። ብዙም ሳይቆይ መኪናው ዘይት ይጠጣል፤ ሰማያዊ ጭስም ያጤሳል። ጥፋቱ የማን ነው? የቤንዚኑ!

4ኤ እና 5ኤም እንዲሁ በ77 ሚሊሜትር ምልልስ ይመሳሰላሉ። ስፋታቸው 81 እና 78.7 መሆኑን የሚያነሣ ሰው ነገረኛ ነው።

«ጀርባው ላይ ዲኤክስ ተጽፎ የለም እንዴ?» የሚል ሊቅም አለ። ተጽፏል። ዲኤክስ የመኪናው የምቾት ደረጃ ነው፤ ስምንት ቫልቭ ባለው በ4ኬም፣ አሥራ ሁለት ቫልቭ ባለው በ2ኢም ጀርባ ተለጥፏል። ታዲያ በተለጣፊ ጽሑፍ ቴስታታ መግዛት ጥበብ አይደለም?

እርግጥ ነው፣ ካንዴላ በብዙ ሞተር ላይ ይገባል፤ የአብዛኞቹ ጥርስ 14 ሚሊሜትር ነውና። መላው የ«ይገጥማል» ሃይማኖት የተመሠረተው በዚህች አንዲት ተአምር ላይ ይመስለኛል። የጥርሱ ርዝመትና የሙቀት ደረጃው መለያየቱን ማንሣት የእምነት ማነስ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠጡ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ እነዚህ ሞተሮች ምትክ የሌላቸው ቅርሶች ሆነዋል። እኛም ቅርሳችንን በሞረድና በሲሊኮን እየጠበቅን ነው።

የሚያሳፍረው ነገር መልሱ ኮፈኑ ሥር መኖሩ ነው። ከሞተሩ ኋላ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ኬኢ70፣ ኢኢ90፣ ኤኢ92 የሚል መለያ አለ፤ የፊተኛዋ ፊደል የሞተሩን ዘር ትናገራለች፤ ሙሉ ስሙ ብሎኩ ላይ ተቀርጿል። ጌታዬ፣ ከመደወልዎ በፊት ኮፈኑን ይክፈቱ፤ ሁለቱንም ፎቶ አንሥተው ይላኩ። ፎቶውን ሳያይ «ይገጥማል» ከሚል ሱቅም አይግዙ።