ማን ሞተ ሳይባል ድንኳን መትከል

ጉርድ ሾላ ውስጥ ድንኳን ያለ ምክንያት አይወጣም። ወይ ሰው ተድሯል፣ ወይ ሰው አልፏል። ስለዚህ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ዓርብ ማታ የተጠቀለለ አረንጓዴ ድንኳን ተሸክሞ ከኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ሲወርድ፣ የእድሩ ጥሩምባ ያመለጣቸው የመሰላቸው ጎረቤት ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ብቅ አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም እትዬ። እንጦጦ ላይ ላድርበት ነው።»

«ቤት እያለህ?»

ለዚህ መልስ አልነበረውም። ጥያቄው ግን ከእሳቸው በፊትም የተጠየቀ መሆን አለበት። በ1870ዎቹ ምኒልክ ከነሠራዊታቸው እንጦጦ ላይ ሲሰፍሩ ቦታውን የመረጡት ለአየሩ ሳይሆን ለምሽግነቱ ነበር፤ ከዚያ ላይ ሆኖ የሚመጣውን ሁሉ ማየት ይቻላል። የማይታየው ማገዶ ብቻ ነው። ነፋሱና ብርዱ አላስቀምጥ አለ፣ በዙሪያው የነበረው ዛፍም ተቆርጦ አለቀ። እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃ ወርደው ከታጠቡ በኋላ ሽቅብ መመለሱ ምን ያህል እንደከበዳቸው መገመት አያስቸግርም። በ1879 ዓ.ም. ከፍል ውሃው አጠገብ ቤት ተሠራ፤ ስሙም አዲስ አበባ ተባለ። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ቢነግሡም፣ ኑሮው ቁልቁል ወርዶ ቀርቷል። ዋና ከተማችንን የቆረቆሯት፣ ነገሩን ጠቅለል አድርጎ ለተመለከተው፣ ካምፒንግ በቃን ያሉ ሰዎች ናቸው።

የሒሳብ ሠራተኛውና ጓደኞቹ ይህን አላሰቡበትም። ያሰቡት ሸክሙን ነው፤ እሱንም በየራሳቸው መንገድ። ቧንቧ፣ ሽንት ቤትና ሱቅ በሌለበት ገመገም ላይ የሚያድር ሰው የሚበላውን፣ የሚጠጣውንና የሚለብሰውን በጀርባው ይዞ ይወጣል፣ ቆሻሻውንም ይዞ ይወርዳል። ልምድ ያላቸው ተጓዦች ሸክሙ ከራስ ክብደት ከአምስት እጅ አንዱን እንዳይበልጥ ይመክራሉ። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 14 ኪሎ ማለት ነው። የሒሳብ ሠራተኛው ይህን በስልኩ ካልኩሌተር ካረጋገጠ በኋላ ጀበና፣ ረከቦት፣ የከሰል ማንደጃ፣ ከነከሰሉ፣ አንድ ድስት ዶሮ ወጥ፣ ትራስና ስፒከር ያዘ። ውሃው ተረሳ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን መረሳቱን እንደ ቁጠባ ሊቆጥረው ሞከረ።

ከቡድኑ ውስጥ ዝም ብለው የቆሙት በ1967ቱ የእድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር የከረሙ ጡረተኛ መምህር ብቻ ነበሩ። የእሳቸው ሻንጣ በሶ፣ ቆሎ፣ ጋቢና አንድ ጀሪካን ውሃ ይዟል። «ጋሼ፣ ይህ ብቻ ነው?» ቢሏቸው፣ «ቀሪውን እናንተ ይዛችሁልኛል» አሉ።

ታክሲው ሽሮ ሜዳን አልፎ እንጦጦ ማርያም አጠገብ ካወረዳቸው በኋላ በባሕር ዛፉ መሐል በእግር ቀጠሉ። የመጀመሪያው ዳገት ላይ ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ከላይ አንዲት እናት መጡ። ወገባቸው ታጥፏል፤ የጭራሮው እስር ከመንገዱ ይሰፋል፤ ገመዱ በትከሻና በደረታቸው ላይ ተጠምዝዞ ሥጋቸው ውስጥ ገብቷል። ሸክሙን ሳያወርዱ የመንገዱን ዳር ተደግፈው አረፉ፤ ካወረዱት የሚያነሳላቸው የለም። የእንጦጦ ማገዶ ተሸካሚ ሴቶች ከ30 ኪሎ በላይ ይዘው ይህን ቁልቁለት መውረዳቸው የተለመደ ነው። ሴትዮዋ የተቆለለውን የልጆቹን ጀርባ በርኅራኄ አዩና «ልጆቼ፣ ምን ልትሸጡ ነው ወደ ላይ የምትወጡት?» አሉ። ማንም አልሳቀም። ሴትዮዋ ከምር ነው የጠየቁት፤ ከዚህ ተራራ ሸክም የሚወርደው ለገበያ ነው፣ ሽቅብ ለምን እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም።

ጫካው ራሱ የማገዶ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ላይም እንጨት ሲያልቅ ቤተ መንግሥቱ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ተቃርቦ ነበር፤ በ1880ዎቹ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ እያደገ ከተማዋን ባለችበት አስቀራት። ውሃ መጣጭ ነው ተብሎ ቢታማም እሱ ባይኖር ጉርድ ሾላ ዛሬ እርሻ ይሆን ነበር። ኮንዶሚኒየሙ ሊፍት የለውም እያሉ የሚያማርሩ ሁሉ ይህን ቢያስቡ መልካም ነው።

ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ሱሉልታ በአንድ ወገን፣ አዲስ አበባ በሌላው የሚታዩበት ገመገም ላይ ድንኳኑ ተተከለ። ቦታው የውሃ መክፈያ ነው፤ በሰሜን የፈሰሰው በሙገር በኩል አባይ ይገባል፣ በደቡብ የፈሰሰው በአቃቂ አድርጎ አዋሽን ይቀላቀላል፣ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር በረሃ ላይ ይቀራል። ይህን መምህሩ ካስረዱ በኋላ የስኒው እጣቢ የት ይደፋ የሚል ክርክር ተነሣ። አንዱ «ወደ ሰሜን እንዳትደፋ፣ ድርድር ላይ ነን» ብሎ ከለከለ።

ለእራት በተጣደው ንፍሮ ላይ ግን ቀልድ አልሠራም። በዚህ ከፍታ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ባቄላ ቶሎ አይበስልም፤ ድስቱ ይንተከተካል፣ ባቄላው ግን እንደ ጥይት ነው። ከመምህሩ ጀሪካን የተለመነው ውሃ ግማሹ በዚህ አለቀ። ዶሮ ወጡ ደግሞ ዳገቱ ላይ ትራሱን አጥቅሶ በልቶታል።

ሌሊቱ የታኅሣሥ ነበር። የሒሳብ ሠራተኛው ማንደጃውን ድንኳን ውስጥ ላስገባ ሲል መምህሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡ፤ የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ስንት ቤተሰብ እንደፈጀ የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል። ማንደጃው ውጭ ቀረ፣ ሰዎቹም በስሊፒንግ ባጋቸው ውስጥ እንደ ቋንጣ ደረቁ። ወደ እኩለ ሌሊት ጅብ ጮኸ። እንጦጦ ጅብ አለው፤ ቄራና ቆሻሻ መጣያ እየፈተሸ ከተማ የሚወርደውም እሱ ነው። ስፒከሩን ለማስፈራሪያ ለመክፈት ብሉቱዙ እስኪገናኝ ድረስ ጅቡ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሙዚቃው ያኔ ተለቀቀ። መምህሩ በጋቢያቸው ውስጥ ሆነው «አጥፉት፣ ጅቡ ጨዋ ነበር» አሉ።

ንጋት ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሷል። ጉርድ ሾላ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ጽሕፈት ቤት ያለበት ሰፈር ነው፤ ሯጮቹ የሚሠሩት ግን እዚህ ላይ ነው። ከባሕር ዛፉ መሐል በቡድን መጡ፣ እጃቸው ባዶ፣ እግራቸው ድምፅ የለውም። በድንኳኑ ፊት አልፈው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሰው ሲያልፉ የሒሳብ ሠራተኛው አሁንም የድንኳኑን እንጨቶች ወደ ከረጢታቸው ለመመለስ እየታገለ ነበር።

ሰኞ በቡድኑ ቴሌግራም ላይ አንድ ሰው የሰሜን ተራሮችን ፎቶ ለጠፈ፤ ቀጣዩ ጉዞ ጭላዳ ወደሚውልበት፣ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ወደ ተመዘገበው ፓርክ ይሁን አለ። ሰንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ፤ ሁሉም የማደሪያ ቦታዎች ከእንጦጦ ከፍ ይላሉ። ደባርቅ ላይ መሪ፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት፣ ወጥ ሠሪና የጭነት በቅሎ ይቀጠራል። የሒሳብ ሠራተኛው ስለ ብርዱም ስለ ጅቡም አላነሳም። የጻፈው ጥያቄ አንድ ነው፦ «በቅሎዋ የምትቀጠረው ለዕቃ ብቻ ነው ወይስ ለሰውም ይሆናል?»