ከንፋስ ሸሽተን ንፋስ አጣን

ለአንድ ከመነዳሪ ብዬ በዚህ ዕድሜዬ ሂሳብ ልሥራ? እስቲ እናንተው ፍረዱኝ።

በኛ ጊዜ የኮርስ ብስክሌት ቸርኬ ቁመቱ ከሁለት ጣት አያልፍም። ከመነዳሪም ከመነዳሪ ነው፤ ገዝተህ፣ ከተህ፣ ነፍተህ መሄድ ነው። ብስክሌተኛው ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሊምፒክ ሲወዳደር የቫልቭ ቁመት እንቅልፍ ነሣው ሲባል እኔ አልሰማሁም።

የልጅ ልጄ የፊት ቸርኬ ግን 50 ሚሊ ሜትር ይጠልቃል። «ይሄ የድስት ግድግዳ ምን ይሠራል?» ብለው፣ «አባባ፣ ንፋስ እንዳይዘኝ ነው» አለኝ። ይሁን። ባለፈው ቅዳሜ ያው ጎማ ተነፈሰ። አሜሪካ ያለው አጎቱ በመንገደኛ የላከለትን ከመነዳሪ አወጣን፤ ቫልቩ 48 ነው። ስንከተው ጫፉ ብቻ እንደ ኤሊ አፍንጫ ብቅ አለ። እሱም የታየው ከመነዳሪው የሚተኛበት ጎድጓዳ ትንሽ ቢያግዘው ነው። መንፊያው ምኑን ይንከሰው?

ጎሚስታ ጋ ወሰድነው። የእሱ ቱቦ የለመደው የመኪና ቫልቭ ነው፤ ያ 8 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፣ ይሄ ፕሬስታ የሚሉት ቀጫጫ 6። በዚያ ላይ የጫፉ ዳዶ ካልላላ ንፋስ አያስገባም። ጎሚስታው አገላብጦ አየውና «ጋሼ፣ ይሄ ቫልቭ ነው መርፌ?» አለኝ። ምን ልበለው? ንፋስ እንሸሻለን ብለን ንፋስ የሚሰጠን አጣን!

ሱቅ ሄድን። ደንቡ የቸርኬው ጥልቀት ላይ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር መጨመር ነው አሉን። 50 እና 20፣ 70። ሱቁ ያለው 60 እና 80። 60ው ለመንፊያው አፍ ያጥራል፤ 80ው ተርፎ ይወጣል፣ ኮብልስቶን ላይም ይንኳኳል። ማራዘሚያም አለ፦ የቫልቩን ልብ በመፍቻ አውጥተህ ማራዘሚያውን መሃል ታስገባለህ፣ ጥርሱን በቴፍሎን ትጠመጥማለህ። ልቡ የማይወጣ ዓይነት ከሆነ አበቃ። እንዴ! ብስክሌት ነው የምንጠግነው የቧንቧ መስመር?

«የኋላው ቸርኬ እኮ 60 ነው» አለ ልጁ ቀስ ብሎ። «መለዋወጫው ለጥልቁ ከበቃ ለሌላው አያንስም። 80ውን እንግዛ።» ይህን ቀድሞ ቢናገር ምን ነበረበት? ጉልበቴ ካለቀ በኋላ!

የአጎቱ 48 ለእኔ ደረሰኝ። ለድሮው ብስክሌቴ ከተትኩት፤ መንፊያው ጥርቅም አድርጎ ያዘው። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየና «አባባ፣ ያንተ እኮ ረዘመ» አይለኝም?

«ይርዘም!» አልኩት። «ቢያንስ ያለ መነጽር አየዋለሁ።»